ከደሴ ብርድ እስከ ባቲ ሙቀት

ወደ ላሊበላ ወይም ወደ መቀሌ የሚሄድ መንገደኛ ደሴን ያውቃታል። ምሳ በልቶባታል። ሲመሽበት አድሮባታል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶም ጥሏት ሄዷል። ኮምቦልቻማ ከዚህም ባነሰ ነው የምትታወቀው። ፋብሪካ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ከዚያ የሐረጎ ዳገት። በቃ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ ሐይቅ አለ፣ ታሪክ አለ፣ ደጋና በረሃ የሚገናኙበት ገበያ አለ። አብዛኛው በሚኒባስና በባጃጅ የሚደረስበት ነው።

ሐሙስ ገብቼ ሰኞ ባቲ ላይ ነው የጨረስኩት። ቀኖቹን የመረጥኳቸው አስቤበት ነው። የባቲ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ከሰኞ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ደለደልኩት። እናንተም እንዲህ ብታደርጉ አትጸጸቱም።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አይጣል ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ እያልን ሙቀቱ እየጨመረ መጣ።

ከሚሴ አካባቢ ያለውን የጨፋ ሜዳ በመስኮት አሻግራችሁ እዩት። ሰፊ ረግረግ ነው። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እዚህ ሳር አይጠፋም። ስለዚህ ከቆላው የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይህን ሜዳ የሚያጠጣው ቦርከና ነው። ከደሴ አካባቢ ተነስቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ ጨፋን አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ያልቃል። ወንዙን ልብ በሉልኝ፤ እንገናኘዋለን።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መሃል ላይ ሐረጎ አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። መንገዱ ያን ሁሉ ከፍታ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ቁልቁል ስታዩ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ከጎኗ የዮጎፍ ተራራ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። በብርሃን ድረሱ። ሐረጎን በጨለማ ማለፍ ያሳዝናል።

ደሴ ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ብርዱ ጠበቀን። አክስቴ በር ላይ ቆማ «አንቺ ልጅ፣ ይቺን ስስ ሹራብ ለብሰሽ ነው ደሴ የመጣሽው?» አለችኝ። ቡናው ተፈልቷል። ከቡናው ጋር ትኩስ ጮርናቄ ቀረበ። የስንዴ ሊጥ በዘይት ተጠብሶ ማለት ብቻ አይገልጸውም። ደሴ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ብትገቡ የሁሉም ጠረጴዛ ላይ እሱ ነው ያለው።

ዓርብ

ደሴን በእግር ነው ማየት። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለተቀመጠች ወደ ጎን መስፋት አልቻለችም። ረዝማለች። ስለዚህ መንገድ መሳት ያስቸግራል፤ ተራራውን አይታችሁ አቅጣጫ ትይዛላችሁ።

ጠዋት መጀመሪያ የሄድነው ወደ አይጠየፍ ነው። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ራስ ሚካኤል ደሴን የወሎ ዋና ከተማ ያደረጉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርገው አነገሷቸው። ብዙም አልቆዩ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። አዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ማሰብ ግን ሌላ ነው። ስንት ሰው ተሰልፎ ገብቶ እንደበላ፣ ስንት ሹም ተጎንብሶ እጅ እንደነሳ ይታያችኋል። የሚያሳዝነው፣ እዚያው ሰፈር ያደጉ ወጣቶች ጭምር «እሱ አሮጌ ቤት ነው» ብለው ያልፉታል። ከአጠገቡ ቆሞ ታሪኩን የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ሰው ሁሉ ይቆም ነበር።

ከዚያ ወደ ደሴ ሙዚየም። ቤቱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው፤ ግቢው ዛፍ አለው፣ ጸጥታ አለው። ስለዚህ ሙዚየም ሳወራ ልቤ ይነካል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ሙዚየሙ ተዘርፏል፣ ጉዳትም ደርሶበታል። የወሎ ሰው አያት ቅድመ አያቱ የተጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ለልጆቹ እንዲቆዩ ብሎ የሰጠበት ቤት ነው። የጦር መሣሪያ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የቤት ዕቃ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቅርስ አንድ ጣሪያ ሥር የነበረበት። የጠፋውን ዕቃ ያየ፣ የሚያውቅ፣ ገበያ ላይ የቀረበለት ሰው ካለ እባካችሁ መልሱ። ለመጎብኘት ስትነሱ ግን አስቀድማችሁ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

ዓርብ ስለነበር እኩለ ቀን ላይ ከተማው ዝም አለ፤ ሱቁ ግማሹ ተዘጋ። የጁምዓ ሰላት ካበቃ በኋላ የአክስቴ ጎረቤት ቡና ጠሩን። የወሎን ቡና ያላየ ሰው እዚህ ይይ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ነው የሚጠጣው። በየመሃሉ ዱዓ አለ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ለመንገደኛው፣ ለታመመው፣ ለአገሩ ይለምናሉ። እኛ ደግሞ «አሚን» እንላለን። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው አክስቴ ከሁሉም ጮክ ብላ ነው አሚን የምትለው። በዚያ ቤት ይህ ማንንም አይገርምም። አንዱ ወንድም መሐመድ፣ ሌላው ተሰማ የሚባልበት አገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ጦሳ ላይ ወጣን። እስከ ጫፍ አይደለም፤ ከተማው ከሥር ቁልጭ ብሎ እስኪታይ ድረስ ብቻ። ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል። ከዚያ ላይ ሆናችሁ ደሴ ለምን ለጦር አዛዦች ሁሉ እንዳስፈለገች ይገባችኋል። ወደ ሰሜን የሚሄድ፣ ከሰሜን የሚመጣ በዚህች ሸለቆ ነው የሚያልፈው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች የደበደቧት ይህችኑ ሸለቆ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ያኔ ደሴ ነበሩ። ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የተነሳው በዚያ ቀን ነው። ቦምቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳን አልማረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጉም ወረደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጦሳ ጠፋ።

ቅዳሜ

የዚህ ጉዞ ትልቁ ነገር ለእኔ ማይባር ነው። ደሴ ተወልደው አድገው ማይባርን ያላዩ ሰዎች አውቃለሁ።

ማይባር ከደሴ በስተደቡብ በኩል ያለች ትንሽ ሐይቅ ናት። መንገዱ የገጠር መንገድ ነው፤ በክረምት ጭቃው ያስቸግራል። እኛ እስከሚያስኬደው በመኪና ሄደን የቀረውን በእግር ጨረስነው። ዙሪያውን ዳገት ነው። ዳገቱ እርከን በእርከን ተሠርቷል። ከታች ሐይቋ ተኝታለች። ከሐይቋ የሚተርፈው ውሃ ወደ ቦርከና ይወርዳል። ሐሙስ ዕለት ጨፋ ላይ ያየነው ወንዝ ከዚህም ይጠጣል ማለት ነው።

ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በ1970ዎቹ ማይባር ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቷል። የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩበት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ይለካል። ከማሳው ታጥቦ የሚወርደው ውሃ ተጠራቅሞ አፈሩ ይመዘናል። ወንዙ ምን ያህል ደለል ይዞ እንደሚያልፍ ይመዘገባል። ይህ ዓመት ከዓመት ሲጠራቀም፣ እርከን ያለው ማሳና እርከን የሌለው ማሳ ልዩነታቸው በቁጥር ይታያል። የኢትዮጵያ አፈር እንዴት እንደሚታጠብ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ዛሬም የማይባርን ልኬት ያነሳሉ።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስሟ ዓለምን ያዳረሰ አገር ናት። ሰው ወሎ ሲባል የሚያስበው ያን ፎቶግራፍ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ማይባርን እንዲያይ እፈልጋለሁ። ያን ሁሉ ችግር ያየ ገበሬ ድንጋይ እየተሸከመ፣ እርከን እየካበ ያቆመው ዳገት ነው። ከሐውልት በላይ ነው።

አንድ አባት ከብት እየጠበቁ አገኘናቸው። «እንደምን ዋሉ አባቴ» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ምን ልታዩ መጣችሁ?» አሉ። ሐይቁን ልናይ ነው ስላቸው ደስ አላቸው። «ውሃው ምን አለው፤ እርከኑን እይ ልጄ» ብለው በዱላቸው ወደ ዳገቱ አመለከቱኝ። የትኛው በማን ጊዜ እንደተካበ፣ የትኛው ፈርሶ እንደገና እንደተሠራ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ማሽላው ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ዝናቡ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርጉ ሁሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ስንለያይ «ዝናብ ሲጥል ኑ፣ ያኔ ነው የሚታየው» አሉን።

ማይባር ስትሄዱ ምሳ ያዙ፤ ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት አልገጠመንም። የበላችሁበትን ፌስታልና ፕላስቲክ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ።

እሁድ

ከደሴ ወደ ሰሜን። ቦሩ ሜዳን መኪናው በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ሰው ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። ግን በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የሃይማኖት ክርክር ተዘጋ ተባለ፤ የወሎ ሙስሊም መሪዎችም እንዲጠመቁ ተወሰነ። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። ዓርብ ዕለት በአዳራሻቸው ደጃፍ የቆምንላቸው ሰው ማለት ናቸው። በዚያ ውሳኔ ብዙ ሰው ተሰቃይቷል፣ ተሰድዷል። ወሎ ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ ዱዓውንና ጸሎቱን አንድ ቤት ውስጥ ማኖር ችሏል። ሜዳው ዳር ወርጄ ጥቂት ቆሜ ተመለከትኩ፤ እንደ ማንኛውም የግጦሽ ሜዳ ነው።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ስመ ጥር ነው፤ ብዙ አልልም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴት ስለማይገባበት የአክስቴ ልጅ ብቻውን ገብቶ ተሳለመ። እኔ ሐይቁ ዳር አሳ ጥብስ አዝዤ ጠበቅኩት። አሳው ትኩስ ነው፤ ከሐይቁ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው መጥበሻ የሚገባው።

ከምሳ በኋላ ወደ አርዲቦ ሄድን። አብዛኛው ሰው ሐይቅን አይቶ ይመለሳል። ከዚያው አካባቢ፣ ከፍ ብሎ፣ ተራራ መሃል ሌላ ሐይቅ እንዳለ አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአንኮርካ ወንዝ ነው። ከአርዲቦ ይወጣል፣ በመንገዱ ማሳ እያጠጣ ሐይቅ ይገባል። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮች መጀመሪያ «አይሆንም» ይላሉ። እኛ መኪና ይዘን ስለነበር ቀስ እያልን ደረስን። አርዲቦ ዳር ሆቴል የለም፣ ጀልባ ኪራይ የለም፣ ዘፈን የለም። ሰማያዊ ውሃ፣ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ ልብስ የሚያጥቡ ልጆች። የወፉ ዓይነት ብዛት! ወፍ የምትወዱ ሰዎች መነጽራችሁን ይዛችሁ ጠዋት ሂዱ፤ እኔ በከሰዓቱ ሙቀት ደርሼም ጠግቤ ተመለስኩ።

ጊዜ ያለው ሰው ከሐይቅ ወደ ሰሜን ዘልቆ የአምባሰል ተራሮችን ይይ፤ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥም አለ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት፣ በኋላም አድዋን ያመጣው አንቀጽ 17 ያለበት ውል። እኛ ማታ ኮምቦልቻ ማደር ስለነበረብን አልዘለቅንም።

በሐረጎ ስንወርድ ጆሮ ይደፍናል። ኮምቦልቻ ስንገባ ሹራቤን አወለቅኩ። ማታ ማታ ከተማዋ ውጭ ነው የምትኖረው። ወንበር ደጅ ይወጣል፣ የጁስ ቤቱ ማቀላቀያ ይጮኻል፣ ባጃጁ ይተራመሳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ዘግታ የምትሞቅ ደሴ እዚሁ ዳገቱ ላይ መሆኗን ማመን ያስቸግራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቦርከና ደግሞ በዶሮ መዝለያ ገደል ተወርውሮ መጥቶ እዚህ ሜዳ ላይ ረጋ ይላል።

ሰኞ

ወደ ባቲ በጊዜ ውጡ። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ። መንገዱ ወደ ምሥራቅ እየወረደ ይሄዳል። ባሕር ዛፉ ያልቅና ግራር ይጀምራል። ግመል አንድ፣ ግመል ሁለት፣ ከዚያ መንጋ።

ባቲ ደጋው ከበረሃው ጋር የሚገበያይባት ከተማ ናት። ከዳገቱ አማራውና ኦሮሞው ጤፍ፣ ማሽላ፣ በርበሬ፣ ጫት፣ የሸክላ ዕቃ ይዞ ይወርዳል። ከቆላው አፋሩ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤ ይዞ ይወጣል። ድሮ አሞሌ ጨው በግመል ተጭኖ የሚመጣውም እንዲሁ ነበር። በአንድ ሜዳ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማል። ነጋዴው ሦስቱንም ቀላቅሎ ይጠራባችኋል።

የግመል ገበያውን ሳታዩ አትመለሱ። ጠዋት ነው የሚደራው። ገዥ መጀመሪያ ጥርስ ያያል፤ ዕድሜው የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ግመሉን ያስነሱታል፣ ያስቀምጡታል፣ ያስኬዱታል። ዋጋው ግን በጩኸት አይነገርም። ደላላው መሃል ገብቶ የሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቀራርባል። ከአንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልኩ። ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ታረቀ። በመጨረሻ እጅ ሲመታ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ርካሽ ነው» አሉኝ። ሻጩ የወንድማቸው ልጅ ነበር።

ሴቶቹ ተራ ደግሞ ዶቃ፣ ሽቶ፣ የሰሌን ምንጣፍ አለ። እዚያ ብዙ ቆየሁ። አንዲት የአፋር ልጅ ዶቃ አንገቴ ላይ አስራ ካየችኝ በኋላ ቀለሙን ቀይራ ሌላ ሰጠችኝ። ትክክል ነበረች።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር። ሰው ሳትጠይቁ ካሜራ አትደቅኑ። የሰዎቹ የሥራ ቀን ነው፤ ለኛ ትርኢት ብለው አልመጡም። ሰላም ብላችሁ፣ ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ትንሽ ነገር ገዝታችሁ ብታወሩ ብዙዎቹ ራሳቸው «አንሺኝ» ይላሉ። እምቢ ያለውን ደግሞ አመስግናችሁ እለፉ።

ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ባቲ፣ አንዱ አምባሰል ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የአንዱን አገር ረገጥኩ፣ ወደ ሌላው ደግሞ ተጠጋሁ። ባቲ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮው በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ሲያሰማ የቤቱ ባለቤት፣ ተላላኪው ልጅ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጡት የአፋር ወጣቶች ሁሉ ሲያንጎራጉሩት ሰማሁ።

ከባቲ ወዲያ መንገዱ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ሎጊያና ሰመራ ይቀጥላል። በዚያ አቅጣጫ ነው ሐዳር ያለው፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሉሲ የተገኘችበት። አዋሽ የሚያልፍበት በረሃ ነው። የማይባር ውሃ፣ የደሴ ውሃ፣ የጨፋ ውሃ ሁሉ መድረሻው ወደዚያው ነው። ያንን ለብቻው ጊዜ ሰጥቼ መሄድ እፈልጋለሁ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ሁለት ዓይነት ልብስ ያዙ፤ ለደሴ ወፍራም፣ ለባቲ ስስ። ውሃና ኮፍያ አትርሱ። ዝርዝር ብር ይኑራችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የየዕለቱን የመንገድ ሁኔታ እዚያው ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ፤ መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች ከሁሉም በተሻለ ያውቃሉ። ባቲ ገበያው ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሁሉም ወደ አገሩ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ወረፋው ይረዝማል። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ተገኙ።